የሌሊቱን ድምፅ ለኩልን

ለ፦ በአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር የአካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣን
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ በመኖሪያ ሰፈሮች ያለው የሌሊት የተሽከርካሪ ድምፅ እንዲለካና ውጤቱ ለሕዝብ እንዲገለጽ ስለመጠየቅ

ክቡራን ኃላፊዎችና ባለሙያዎች፣

ጥያቄዬ አንድ ስለሆነ ከወዲሁ ላስቀምጠው። በትላልቅ መንገዶች ዳር ባሉ መኖሪያ ቤቶች ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት የሚሰማው የተሽከርካሪ ድምፅ ይለካ፤ የተገኘውም ቁጥር በየሰፈሩ ተለይቶ ለሕዝብ ይውጣ። ከዚህ ቀደም ተለክቶ ከሆነ ደግሞ ከመዝገብ ቤት ወጥቶ እንየው። ይህን የምጽፈው እንቅልፍ አጥቼ ስለተማረርኩ ብቻ አይደለም፤ እንቅልፉን እንደ ማንኛውም የመንገድ ዳር ነዋሪ ችዬው እኖር ነበር። በአንድ ጤና ጣቢያ የደም ግፊትና የስኳር ሕሙማን ክትትል ክፍል የምሠራ ነርስ ነኝ። ለዓመታት የሚዘልቅ የመንገድ ድምፅ በልብና በደም ሥር ላይ ጉዳት እንደሚያደርስ የሚያሳየው ማስረጃ በሌላው ዓለም እየተከመረ ሲሄድ፣ እኛ ዘንድ ጉዳዩ ከተራ ረብሻነት ከፍ ብሎ አልታይ ማለቱ ነው ያስጻፈኝ።

የድምፅ ብክለት ሲባል በከተማችን ቶሎ ትዝ የሚለው ጭፈራ ቤት ነው። ቀጥሎ የሙዚቃ መሸጫው፣ የእምነት ተቋማት ድምፅ ማጉያ፣ የብረታ ብረትና የእንጨት ሥራ ቤቱ ይመጣል። በእነዚህ ላይ አቤቱታ ሲቀርብ ባለሙያ መለኪያ ይዞ ይሄዳል፣ ማስጠንቀቂያ ይሰጣል፣ አልሰማ ያለው ይታሸጋል። ሥራው ወዳጅ የሚያፈራ እንዳልሆነ ይገባኛል። ሆኖም እነዚህ ሁሉ ባለቤት አላቸው፤ ስም አለ፣ የንግድ ፈቃድ አለ፣ የሚታሸግ በር አለ። የመንገድ ድምፅ ባለቤት የለውም። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ያለፈው መኪና ታርጋው ሳይነበብ ሄዷል፤ ከደቂቃ በኋላ የሚመጣው ደግሞ የሌላ ሰው ንብረት ነው። አንዱን ብቻ ነጥሎ ጥፋተኛ ማለት አይቻልም፤ ተደምረው ግን ሰፈሩን ሙሉ ሌሊት አያስተኙትም። በአቤቱታ የሚንቀሳቀስ ቁጥጥር እዚህ ላይ ሲደርስ እጁ ያጥራል። ነዋሪውስ ማንን ብሎ ይክሰስ?

ሕጉን በተመለከተ የጎደለ የለም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 44 ሁሉም ሰዎች ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖር መብት እንዳላቸው ይደነግጋል። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ሊወጡ ከሚገባቸው የአካባቢ ደረጃዎች መካከል የድምፅን ከፍተኛ መጠን የሚወስነውን ደረጃ ለይቶ ጠቅሷል። በአገራችን የሚሠራበት ወሰን ለመኖሪያ አካባቢ በቀን 55፣ በሌሊት 45 ዴሲቤል (የድምፅ መጠን መለኪያ) ነው፤ ለንግድ አካባቢ 65 እና 55። የዓለም ጤና ድርጅት የአውሮፓ ቢሮ እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው መመሪያ ለመንገድ ትራፊክ የመከረው የሌሊት ወሰንም ያው 45 ዴሲቤል ነው። በወረቀት ላይ ከማንም አናንስም ማለት ነው። እኛ የቸገረን ወረቀቱ ላይ ያለው ቁጥርና መስኮታችን ሥር ያለው ድምፅ ተገናኝተው አለማየታችን ነው።

45 ዴሲቤል ምን ያህል እንደሆነ ለማያውቅ አንባቢ፣ ሁለት ሰዎች በተለመደ ድምፅ የሚያወሩት ወሬ ከዚያ ያልፋል። በቅርብ የሚያልፍ ከባድ መኪና ደግሞ ከ80 በላይ ያወጣል። ወሰኑ የሌሊቱ አማካይ ስለሆነ ሁለቱን በቀጥታ ማነጻጸር አይቻልም፤ ነገር ግን በየጥቂት ደቂቃው 80 የሚያልፍበት ቤት አማካዩ 45 ላይ ሊቀመጥ እንደማይችል ለመገመት ባለሙያ መሆን አያሻም። ዴሲቤል ሲቆጠር እንደ ኪሎና ሜትር አይደለም፤ 10 ዴሲቤል በጨመረ ቁጥር የድምፁ ኃይል አሥር እጥፍ ይሆናል። በዚያው ስሌት የመኪኖቹን ብዛት በግማሽ ብትቀንሱ የምታተርፉት 3 ዴሲቤል ብቻ ነው። ይህን ያነሣሁት ወደ ኋላ ስለሚያስፈልገኝ ነው።

አሁን ወደ ልቡ ልምጣ። ሰው ሲተኛ ጆሮው አይዘጋም። ድምፁ ወደ አንጎል ይደርሳል፤ አንጎልም ባለቤቱን ሳይቀሰቅስ ሰውነቱን ብቻ ያስነሣዋል። አድሬናሊንና ኮርቲሶል የተባሉት የጭንቀት ሆርሞኖች ይለቀቃሉ፣ የልብ ምት ይፈጥናል፣ የደም ሥሮች ይኮማተራሉ፣ ግፊት ከፍ ይላል። የጤነኛ ሰው የደም ግፊት በእንቅልፍ ሰዓት ከቀኑ ከ10 እስከ 20 በመቶ ይቀንሳል፤ ልብ ከቀን ድካሙ የሚያገግመው በዚያ ሰዓት ነው። ግፊቱ ሌሊት የማይወርድለት ሰው ለልብ ሕመምና ለስትሮክ የበለጠ እንደሚጋለጥ በሕክምናው ዓለም ከታወቀ ቆይቷል። ይህ መነሣትና መውደቅ በየሌሊቱ እየተደጋገመ ዓመታት ሲያስቆጥር የደም ሥሮች ውስጠኛ ሽፋን ይጎዳል፤ እንደልቡ መስፋትና መጥበብ ያቅተዋል። በጀርመን ማይንዝ ከተማ ተመራማሪዎች 75 ጤነኛ ሰዎችን በገዛ መኝታ ቤታቸው የተቀዳ የአውሮፕላን ድምፅ እያሰሙ አስተኝተው ጠዋት ሲመረምሯቸው፣ ይህንኑ የደም ሥር መድከም ከአንድ ሌሊት በኋላ እንኳ አይተውታል። እ.ኤ.አ. በ2013 ይፋ የሆነ ጥናት ነው።

ከሁሉም እኔን ያሳሰበኝ ግን በአውሮፓ ስድስት ትላልቅ አየር ማረፊያዎች ዙሪያ የተሠራው ነው። በለንደን ሂትሮው፣ በበርሊን ቴገል፣ በአምስተርዳም ስኪፖል፣ በስቶክሆልም አርላንዳ፣ በሚላን ማልፔንሳና በአቴንስ አካባቢ ቢያንስ 5 ዓመት የኖሩ፣ ዕድሜያቸው ከ45 እስከ 70 የሆነ 4,861 ሰዎች ተጠኑ። እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣው ውጤት እንዳሳየው የሌሊቱ የአውሮፕላን ድምፅ በ10 ዴሲቤል ሲጨምር የደም ግፊት ሕመም የመኖሩ ዕድል በ14 በመቶ ገደማ ከፍ ይላል፤ ለመንገድ ድምፅ ደግሞ በ10 በመቶ ገደማ። ከጥናቱ ተሳታፊዎች 140ዎቹ ሌሊቱን ሙሉ የግፊት መለኪያ ክንዳቸው ላይ ታስሮ ተኙ። ድምፅ ባለፈ ቁጥር የላይኛው ግፊት በአማካይ 6 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ያህል ይነሣ ነበር። ድምፁ ከአውሮፕላን ይምጣ ከመኪና፣ ወይም አጠገብ ከተኛ ሰው ማንኮራፋት፣ ለውጥ አላመጣም፤ ለልብ መጠኑ እንጂ ምንጩ ቁብ አልሰጠውም።

በዴንማርክ ከ50 ሺህ በላይ ሰዎችን ለዓመታት የተከታተለ ሌላ ጥናት፣ በመኖሪያ ቤት ያለው የመንገድ ድምፅ በ10 ዴሲቤል ሲጨምር ድንገተኛ የልብ ሕመም በ12 በመቶ እንደሚጨምር አገኘ። የዓለም ጤና ድርጅት ብዙ ጥናቶችን አዋሕዶ የደረሰበት ቁጥር ትንሽ ዝቅ ያለ ነው፤ ከ53 ዴሲቤል ጀምሮ በየ10 ዴሲቤሉ 8 በመቶ። እንደ ነርስ ልናገር ከተባለ፣ ለአንድ ሰው 8 በመቶ ብዙ አይደለም። ሲጋራ ይበልጣል፤ ያልታከመ ግፊት እጅግ ይበልጣል። ሰውየው ሲጋራውን መተው፣ ጨዉን መቀነስ ይችላል፤ መንገዱን ግን ከበሩ ላይ አንሥቶ ሌላ ቦታ ማኖር አይችልም። በመንገድ ዳር የሚኖረውም አንድና ሁለት ሰው አይደለም። ለዚህ ነው ድርጅቱ እ.ኤ.አ. በ2011 ባወጣው ስሌት በምዕራብ አውሮፓ ብቻ በትራፊክ ድምፅ ሳቢያ በየዓመቱ ሰዎች በጤና ሊኖሩባቸው ይችሉ የነበሩ ቢያንስ 1 ሚሊዮን ዓመታት ይጠፋሉ ያለው። መስኮታቸው ድርብ መስታወት በሆነባቸው አገሮች የተሠራ ስሌት መሆኑን ልብ ይሏል። የእኛ የኮንዶሚኒየም መስኮት የብረት ፍሬም ያለው ባለ አንድ መስታወት ነው፤ ጥግ ጥጉ ላይ ደግሞ ነፋስ ብቻ ሳይሆን ጣት የሚያስገባ ክፍተት አይታጣበትም።

«የመኪና ጭስም ልብን ይጎዳል፤ ጉዳቱ የድምፁ ነው ወይስ የጭሱ?» የሚል ባለሙያ መኖሩ አይቀርም፤ ተገቢ ጥያቄም ነው። ሁለቱ ከአንድ ሞተር ስለሚወጡ መለየቱ አስቸጋሪ ነው። ተመራማሪዎቹ የአየር ብክለቱን ድርሻ በስሌት ነጥለው ሲያወጡት ግን የድምፁ ድርሻ በአብዛኛው አብሮ አልጠፋም። ለእኛ ከተማ ጉዳዩ እንዲያውም ይቀላል፤ ሁለቱም የሚቀነሱት በአንድ እርምጃ ስለሆነ።

ሌላው የምሰማው መልስ «ሰው ይለምደዋል» የሚለው ነው። ይህን ከባለሥልጣን ይልቅ ከሕሙማኑ ነው አዘውትሬ የምሰማው። መደብሩ ከፊት፣ መኝታው ከጀርባ የሆነ መንገድ ዳር ቤት ውስጥ የሚኖሩ፣ ግፊታቸው በሁለት መድኃኒት አልወርድ ያለ አንዲት እናት አሉ። መድኃኒቱን በአግባቡ ይወስዳሉ፤ ጨው ተዉ ሲባሉም ከልባቸው ትተዋል። አንድ ቀን ክንዳቸው ላይ መለኪያውን እየጠቀለልኩ፣

«እናቴ፣ እንቅልፍስ እንዴት ነው?» አልኳቸው።

«የመኪናውን ነገር ነው? እሱንስ ለምጄዋለሁ የኔ ልጅ። አሁንማ መኪናው ያላለፈ ሌሊት ነው እንቅልፍ እምቢ የሚለኝ» ብለው ሳቁ።

እኔም ሳቅሁ። እውነታቸውን ነው፤ ጆሯቸው ለምዷል፣ አይነቁም፣ አያማርሩም። ልብ ግን በእንቅልፍ ውስጥም ለድምፁ መልስ መስጠቱን እንደማይተው ነው በመለኪያ የታየው። ቆይተው ገጠር ልጃቸው ዘንድ ከርመው ሲመለሱ ግፊታቸው ወርዶ አገኘሁት። ይህን እንደ ማስረጃ አላቀርብም፤ እዚያ ምግባቸውም፣ ዕረፍታቸውም፣ ሐሳባቸውም ተለውጧል፣ ምክንያቱ የትኛው እንደሆነ እኔ ልናገር አልችልም። የከነከነኝ ሌላ ነገር ነው። በክትትል ካርዳችን ላይ የትምባሆ፣ የአልኮል፣ የጨው፣ የእንቅስቃሴ ጥያቄ አለ። መኝታ ቤቱ ወደ የት እንደሚመለከት የሚጠይቅ መስመር የለም። እ.ኤ.አ. በ2015 በአገር አቀፍ ደረጃ በተደረገው ጥናት ከ15 እስከ 69 ዓመት ከሆነው ሕዝብ 16 በመቶ ገደማ ከፍተኛ የደም ግፊት ተገኝቶበታል። ከዚህ ውስጥ ስንቱ የመንገድ ዳር ነዋሪ እንደሆነ የሚያውቅ ካለ ይንገረኝ።

አሁን ስለ ከባድ መኪኖቹ። የጭነት መኪኖች ቀን ላይ በከተማው ዋና ዋና መንገዶች እንዳይንቀሳቀሱ የሰዓት ገደብ ሲጣልባቸው ዓላማው መጨናነቅን ማቃለል ነበር፤ ያልተቀበለው ሰው አላውቅም፣ እኔም ደስ ብሎኛል። ጭነቱ ግን አልቀረም። ከጂቡቲ የሚመጣው ዕቃ፣ አሸዋው፣ ጠጠሩ፣ ሲሚንቶው፣ ብረቱ ሁሉ ወደ ሌሊት ተዛወረ። ለትራፊኩ የተገኘው እፎይታ በተኛው ሰው ላይ የተጫነ ዕዳ ሆነ። ድምፅ ልብን ይበልጥ የሚጎዳው በእንቅልፍ ሰዓት መሆኑን ያየ ሰው ይህን ዝውውር እንደ ተራ የሰዓት ማስተካከያ ሊያየው አይችልም። ውሳኔው ሲወሰን የሌሊቱ ድምፅ ተቆጥሮ ነበር? ጥያቄዬ ለክስ ሳይሆን ለሚቀጥለው ጊዜ ነው።

የምለው ነገር እንዲጨበጥ አንድ መኪና ልግለጽ። ከምኖርበት ሕንጻ ፊት ለፊት ቀለበት መንገዱን የሚቀላቀል አጭር ዳገት አለ፤ ከግርጌው የፍጥነት መቀነሻ ጉብታ ተሠርቷል። አሸዋ የጫነ ሲኖትራክ ጉብታው ጋ ሲደርስ ፍሬን ይይዛል፣ የታመቀው አየር ጮኾ ይወጣል፣ ሾፌሩ ማርሽ ቀንሶ ዳገቱን ሲጀምር ሞተሩ ያጓራል፣ የመስኮቱ መስታወት በፍሬሙ ውስጥ ይንቀጠቀጣል። ይህ የተሻለው ነው። የሚብሰው አራግፎ ሲመለስ ነው። ባዶ መኪና ይቸኩላል፤ ጉብታውን ሳይቀንስ ሲያልፍ ካሶኔው ተነሥቶ ይወድቃል፣ የኋላው በር ከነማጠፊያው ብረት ለብረት ይላተማል። በተኛ ሰው አናት ላይ የብረት በር በኃይል እንደመዝጋት ነው። ከኋላው ያለው ሾፌር ደግሞ ያለ ምንም ምክንያት ክላክስ ይነፋል፤ ምናልባት እሱም እንቅልፍ እየታገለው ይሆናል፣ ሌሊቱን የሚያድረው በሥራ ነውና።

ጉብታው ይነሣ አልልም። ጉብታው የተሠራው ሕፃናት ስለሚሻገሩ ነው፤ በዚህ ከተማ እግረኛ በመኪና መገጨቱ የዕለት ዜና በሆነበት ሁኔታ የፍጥነት መቀነሻ ይፍረስ የሚል ጤና ባለሙያ አይገኝም። ነገር ግን ቁመቱና ስፋቱ ቀስ ብሎ የሚወጣና የሚወርድ ተደርጎ ሊሠራ ይችላል። ጉብታው ብቻውን ከሚሠራ ደግሞ ከሌሊት የፍጥነት ገደብ ጋር ቢሠራ ይሻላል። የስዊዘርላንዷ ሎዛን ከተማ እ.ኤ.አ. ከ2021 ጀምሮ በዋና መንገዶቿ ላይ ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት የመኪና ፍጥነት በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር እንዲሆን ወስናለች፤ ምክንያቱም ነዋሪው ይተኛ ተብሎ ነው። ፍጥነትን ከ50 ወደ 30 ማውረድ በአማካይ 3 ዴሲቤል ያህል ይቀንሳል። ከላይ የተናገርኩትን ስሌት እዚህ ላይ አስታውሱልኝ፤ የመኪኖቹን ግማሽ ከመንገድ የማስወጣት ያህል ነው። ለዚያውም በምልክት ሰሌዳና በቁጥጥር የሚገኝ እንጂ ድልድይ የማያስገነባ።

ሁለተኛው ቀላል ነገር ዓመታዊው የተሽከርካሪ ምርመራ ነው። ቦሎ ለመለጠፍ የሚመጣ መኪና ፍሬኑና መብራቱ ይታያል። ማርሚታው የተቀደደ፣ ሆን ተብሎ ተከፍቶ የተተወ ወይም የተለወጠ እንደሆነ በመለኪያ ቢፈተሽስ? የኋላ በሩ የሚንኳኳ ካሶኔ በጎማ ማቀፊያ እንዲታሰር ቢታዘዝስ? ለባለንብረቱ የሚያስወጣው ገንዘብ የአንድ ጎማ ዋጋ አይሆንም። በፈረንሳይ ፓሪስና አካባቢዋ ከልክ በላይ የሚጮኹ ተሽከርካሪዎችን በማይክራፎን ለይቶ በካሜራ የሚይዝ መሣሪያ መንገድ ላይ ተተክሎ ተሞክሯል። እኛ እስከዚያ ለመድረስ ጊዜ ይወስድብን ይሆናል፤ ግን የሌሊቱን ድምፅ የሚያበላሹት ሁሉም መኪኖች ሳይሆኑ ጥቂቶቹ መሆናቸውን መስኮት ሥር የተኛ ሰው ሁሉ ያውቃል።

የኤሌክትሪክ መኪና ነገሩን ይፈታዋል የሚል ተስፋ አለ። አገራችን እ.ኤ.አ. ከ2024 መጀመሪያ አንሥቶ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ መወሰኗ በብዙ ምክንያት ያስመሰግናታል። ለድምፅ ግን ተስፋው ወሰን አለው። በዝግታ ሲሄድ የኤሌክትሪክ መኪና ጸጥተኛ ነው፤ ፍጥነቱ ሲጨምር የሚሰማው ከሞተር ይልቅ የጎማና የአስፋልት ፍጭት ስለሆነ ልዩነቱ ይጠፋል። ሌሊቱን የያዘው ደግሞ የቤት መኪና ሳይሆን በናፍጣ የሚሠራው ከባድ መኪና ነው። ከተማው በኤሌክትሪክ አውቶቡስ የጀመረውን ቢያስፋፋ ግን በሰፈር ውስጥ መንገዶች ላይ ልዩነቱ በጆሮ የሚሰማ ይሆናል።

የኮሪደር ልማቱን ሳላነሣ ባልፍ ቅር ይለኛል። መንገዶች እየሰፉ፣ የእግረኛና የብስክሌት መሄጃ እየተሠራ፣ ዳር ዳሩ ላይ አዳዲስ ሕንጻዎች እየተነሡ ነው። ይህ ሁሉ ከተሠራ በኋላ ስለ ድምፅ ማውራት ለሠላሳና ለአርባ ዓመት የዘገየ ወሬ ይሆናል። መንገድ ዳር ለሚቆም ሕንጻ የግንባታ ፈቃድ ሲሰጥ መኝታ ክፍሎቹ ወደ ጓሮ፣ ወጥ ቤቱና ደረጃው ወደ መንገድ እንዲዞሩ መጠየቅ ምን ይገድዳል? አንድም ብር የማይጨምር የንድፍ ጉዳይ ነው። መሬቱ ከንግድ ሱቆች ጀርባ መኖሪያ እንዲሆን ቢደለደልም እንዲሁ፤ ሱቁ ራሱ የድምፅ ግድግዳ ይሆናል። በአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299/1995 መሠረት የሚቀርቡ የመንገድ ጥናቶች ላይም የድምፅ ምዕራፍ ከግንባታው ወቅት አልፎ መንገዱ አገልግሎት ከጀመረ በኋላ ያለውን ሌሊት ቢተነብይ፣ ያ ትንበያ ደግሞ በኋላ ከልኬት ጋር ቢመሳከር፣ ወረቀቱ ወረቀት ብቻ ሆኖ አይቀርም።

ስለ አውሮፕላን በአጭሩ ልበል። አየር ማረፊያው እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጀመሪያ ከልደታ ወደ ቦሌ ሲዛወር ቦሌ የከተማው ጫፍ ነበረች። ከተማው ግን ተከትሎት ሄደ፤ ዛሬ አውሮፕላኖቻችን የሚያርፉትና የሚነሡት በሰው መኝታ ቤት አናት ላይ ነው፣ ከነዚህም ብዙዎቹ በምሽትና በሌሊት። የአየር መንገዱ ስኬት ኩራታችን ስለሆነ ማንም ይህን ማንሣት አይደፍርም፤ እኔም የማነሣው ለቦሌ ብዬ አይደለም። ቢሾፍቱ አካባቢ ለሚሠራው ትልቅ አየር ማረፊያ ብዬ ነው። በማኮብኮቢያዎቹ አቅጣጫ ያለው መሬት ከአሁኑ ከመኖሪያ ግንባታ ነጻ ሆኖ ካልተጠበቀ የቦሌን ታሪክ በአዲስ ቦታ መድገማችን ነው። የፍራንክፈርት አየር ማረፊያ እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ ከእኩለ ሌሊት በፊት ባለው 5 ሰዓት እና በንጋቱ 11 ሰዓት መካከል መደበኛ በረራ እንዳያስተናግድ ተከልክሏል፤ ያ ክልከላ የመጣው ከብዙ ሙግት በኋላ ነው። መሬቱን አስቀድሞ መጠበቅ ከሙግት ይረክሳል። ይህ የእናንተ መሥሪያ ቤት ሥልጣን እንዳልሆነ ይገባኛል፤ የፌዴራሉ መሥሪያ ቤት ግልባጩ ሲደርሰው ይመልከተው።

ወደ እናንተ ልመለስ። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2002 ባወጣው የአካባቢ ድምፅ መመሪያ ከ100 ሺህ በላይ ሕዝብ ያላቸው ከተሞች በየ5 ዓመቱ የድምፅ ካርታ እንዲያዘጋጁ አስገድዷል፤ ማንም ዜጋ ሰፈሩ የትኛው ቀለም ላይ እንደወደቀ መመልከት ይችላል። እኔ የከተማውን ሙሉ ካርታ አልጠየቅሁም። ከቃሊቲ መግቢያ፣ ከሳሪስ፣ ከጀሞ፣ ከለቡ፣ ከአየር ጤና፣ ከመገናኛ፣ ከካራ ጥቂት ጥቂት ቤቶች ተመርጠው በየአንዳንዱ መኝታ ክፍል መስኮት ላይ ለተከታታይ ሌሊቶች መለኪያ ቢቀመጥ ይበቃኛል። ሲለካ አማካዩ ብቻ ሳይሆን በሌሊቱ ስንት ጊዜ ከፍተኛ ድምፅ እንዳለፈና በስንት ሰዓት እንደነበረ ይመዝገብ፤ ልብ የሚደነግጠው በአማካዩ አይደለም። ልኬቱ በጾም ወራትም፣ በበዓል ሰሞንም፣ በአዘቦት ቀንም ቢደረግ የመኪናው ድርሻ ከሌላው ድምፅ ተለይቶ ይታያል፤ «ችግሩ ማጉያ ነው»፣ «የለም መኪና ነው» ከሚለው የሰፈር ጭቅጭቅም ያወጣናል። ከዚያ ቁጥሩ 45 ሆኖ ከተገኘ ይህን ደብዳቤ የጻፍኩት በከንቱ ነበር ብዬ በጋዜጣ አወጣለሁ።

ለትራፊክ መሥሪያ ቤቱ ቁጥሩ ሲደርሰው የጭነት መኪኖቹ የሌሊት መስመር የትኛው ይሁን፣ የትኛው ሰፈር ከስንት ሰዓት በኋላ ይረፍ የሚለውን በግምት ሳይሆን በማስረጃ መወሰን ይችላል። ለእኛ ለጤናው ክፍል ደግሞ በክትትል ካርዱ ላይ አንድ መስመር መጨመር ከባድ አይሆንም፤ ይህን ለጤና ቢሮው በግልባጭ አሳውቄያለሁ፣ በሥራ ቦታዬም ለኃላፊዬ አንሥቼዋለሁ።

ባለሙያዎቻችሁ ሥራውን የሚጀምሩበት ቦታ ካስፈለጋቸው የእኔ በረንዳ ክፍት ነው። አራተኛ ፎቅ ነው፣ ወደ መንገዱ ይመለከታል፣ ከላይ ጣሪያ ስላለው መሣሪያውን ዝናብ አያገኘውም፣ የኤሌክትሪክ መሰኪያም አለው። ቁልፉን በሥራ ቀን ከጥበቃው መውሰድ ይቻላል። መብራት ሲጠፋ ግን ባትሪ ያለው ብታመጡ ይመረጣል።

ከሰላምታ ጋር

የቀለበት መንገድ ዳር ነዋሪና ነርስ

ግልባጭ፦
ለኢትዮጵያ ፌዴራላዊ ዴሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ የአካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣን
ለአዲስ አበባ ከተማ የትራፊክ አስተዳደር መሥሪያ ቤት
ለአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር ጤና ቢሮ
አዲስ አበባ